የበግ ላት የበላችው ዶቅዶቄ

የወልደ ሰንበት ችግር ከክንድ ብዙም የማይረዝሙ ሁለት የብረት ቧንቧዎች ነበሩ። ጊዜው 1954 ዓ.ም.፣ ወሩ ኅዳር፣ ቦታው ደብረ ብርሃን፤ ቧንቧዎቹ ደግሞ የአንዲት ዶቅዶቄ የፊት እግሮች።

የዶቅዶቄዋ ነጂ ብርሃነ መስቀል ይባላል፤ የጤና ጣቢያ ድሬሰር ነው፤ መርፌ የሚወጋ፣ ቁስል የሚያጥብ። በየሳምንቱ መድኃኒት የሞላ ሣጥን በጀርባው አዝሎ ከደብረ ብርሃን ይነሣል፤ በጎረቤላ በኩል አልፎ የአንኮበርን ቁልቁለት ይወርድና ለገበያ ቀን አሊዩ አምባ ይደርሳል። እስከ ጎረቤላ መኪናም እንደ ምንም እየተንገጫገጨ ይሄዳል። ከዚያ በታች ያለው ግን የበቅሎ መንገድ ነው፤ አንዱን ድንጋይ አለፍኩ ሲሉ ሌላው የሚጠብቅበት።

ሞተሯ ለዚህ መንገድ የተፈጠረች ትመስላለች። በተሠራችበት አገር ሰዎች እንዲህ ባለች ሞተር የሚወዳደሩት ለመቅደም አይደለም፤ ቋጥኝ ላይ ወጥተው፣ ጅረት ውስጥ ገብተው፣ እግራቸው መሬት ሳይነካ ለማለፍ ነው። ስለዚህ ቀጭንና ቀላል ናት፤ ሆዷ ከመሬት ከፍ ያለ፣ መቀመጫዋ ለይሉኝታ ያህል ብቻ የተደረገ። ነጂዋ እንደ ፈረሰኛ እርካብ ላይ ቆሞ ነው የሚሄድባት። አንድ የውጭ አገር የመንገድ ቀያሽ ወደ አገሩ ሲመለስ ለጤና ጣቢያው ትቷት ሄደ። የኋላ ጎማዋ ከአጥንቷ ጋር ድርቅ ብሎ የታሰረ ነው፤ ሞላ የለውም። የፊቱ ግን በእነዚያ ሁለት እግሮች ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ እንቅፋት ሲመታት እግሮቿ ይሰበሰባሉ፣ እንቅፋቱ ሲያልፍ ይዘረጋሉ።

እንግዲህ ይህን በወጉ መሰብሰብና መዘርጋት ነው የተወችው።

"ጋሼ ወልደ ሰንበት፣" አለ ብርሃነ መስቀል፣ ሞተሯን እየገፋ ከሥራ ቤቱ በራፍ ደርሶ፣ "ይቺ ዶቅዶቄ ልትደፋኝ ነው። ድንጋይ ስትመታ 'ቋ!' ትልና እንደ ጥጃ ትዘላለች።"

"እኔ'ኮ ኮርቻ ሰፊ ነኝ፣ ሐኪም።"

"የጤና ጣቢያውን አልጋ ሞላ ማን አበጀው? እርስዎ አይደሉ?"

"አልጋው ቢበላሽ ሰው የሚወድቀው ወለል ላይ ነው። አንተ የምትወድቀው ገደል ነዋ!"

"እንግዲያው እንዳልወድቅ አድርገው ይሥሩልኝ።"

ወልደ ሰንበት መሳቁንም መቆጣቱንም ትቶ ሞተሯን ተቀበለው። እምቢ የማይልበት ምክንያት ነበረው።

ምክንያቱ ሚስቱ አስካለማርያም ናት። አስካለማርያም የሱፍ ባና ከደጋ ወደ ቆላ ታወርዳለች፤ ከቆላ ደግሞ በርበሬና ጥጥ ታወጣለች። ደገኛ ቆላ ወርዶ ማደር እንደሌለበት፣ ካደረ ንዳድ ይዞት እንደሚመለስ ከልጅነቷ ጀምሮ የሰማችው ነው። ነገር ግን ገበያው ሲደራ ማን ይመለሳል? በ1953 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ከደንበኛዋ ከወይዘሮ መዲና ቤት እየተመላለሰች አደረች፤ በመጨረሻም እዚያው መዲና ቤት መደብ ላይ ወደቀች። ራሷን ስታ ትቃዣለች፤ የደብረ ብርሃን ጋቢ ሁሉ ተሰብስቦ ቢደረብባት የማያሞቃት ይመስል ትንቀጠቀጣለች። መልእክተኛ ደብረ ብርሃን ደርሶ ወልደ ሰንበት በተበደራት በቅሎ እየገሰገሰ ሲወርድ፣ ብርሃነ መስቀል ቀድሞ ደርሶ መርፌውን ወግቷት፣ ትኩሳቷ እስኪበርድ አጠገቧ ተቀምጦ ኖሯል። ባሏ ሲገባ አስካለማርያም ተደግፋ አጥሚት ትጠጣ ነበር፤ የመጀመሪያ ንግግሯም "በቅሎዋን የማንን ተዋስክ?" የሚል ነበር።

ከዚያን ቀን ወዲህ ወልደ ሰንበት ምን ልስጠው እያለ ሲያስብ ከረመ። ያለው ኮርቻ ነው፤ ሐኪሙ ደግሞ በቅሎ የለውም። ምስጋና በአፍ ብቻ ሲቀር ሰውን ይከብደዋል፤ ተቀባዩ ባይጠይቀውም እንኳ ይከብደዋል። ስለዚህ ሞተሯ በራፉ ላይ ቆማ ስትገኝ፣ ሳይነግረው ቢቀርም፣ ልቡ በደስታ ዘለለ።

ፈታት። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብለን እግሯን ከውስጥ እንያት፤ ሲያዩዋት የምታስደስት ነገር ናት። አንዱ ቧንቧ በሌላው ቧንቧ ውስጥ ይገባል፤ ሰይፍ ሰገባ ውስጥ እንደሚገባ። በውስጡ ረዥም ሞላ ቆሟል። ክብደቱን የሚሸከመው እሱ ነው። ግን ሞላ ብቻውን ያበደ ነገር ነው፤ የሰጡትን ሁሉ መልሶ ይወረውራል። እሱን የሚገራው ከሥር ያለው ዘይት ነው። እግሩ ሲሰበሰብ ዘይቱ በአንዲት ጠባብ ቀዳዳ መሹለክ አለበት፤ ሲዘረጋም እንዲሁ። የሠርግ ቤት በር ላይ የተጋፋ ሕዝብ አስቡ፤ ሁሉም ልግባ ይላል፣ በሩ ግን አንድ በአንድ ነው የሚያሳልፈው። ዘይቱ በዚያ በር እየተጋፋ ሲያልፍ የሞላው እብደት ይበርዳል። ሞላ ይሸከማል፣ ዘይት ያረጋጋል፤ አንዱ ያለ ሌላው አይሆንም።

ወልደ ሰንበት ቧንቧውን ገልብጦ ሲያንጠባጥበው ጠብ ያለችው ጭቃ የመሰለች ጠብታ ብቻ ነበረች። በቧንቧው አፍ ላይ ዘይቱን የሚያግደው የጎማ ቀለበት በመንገዱ አሸዋ ተበልቶ አልቋል፤ ዘይቱም ሳምንት በሳምንት እየተንጠባጠበ የአንኮበርን ድንጋይ ሲቀባ ከርሟል።

"አይ ልጄ፣" አላት ሞተሯን፣ "ደምሽ አልቆ ነዋ!"

ቀለበቱ ለእሱ ቀላል ነበር። ከበሬ ቆዳ ወፍራሙን ቆረጠ፣ በወስፌና በቢላ አስተካከለው፣ ቧንቧው ላይ ጥብቅ ብሎ እስኪንሸራተት ድረስ ሞረደው። ያስቸገረው ዘይቱ ነው። የሞተር ዘይት ያለው የጭነት መኪና ነጂው ገብረአማኑኤል ዘንድ ነው፤ ገብረአማኑኤል ደግሞ አዲስ አበባ ወርዷል። ብርሃነ መስቀል በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ መነሣት አለበት። ወልደ ሰንበት አሰበና የሙያው ሕግ ትዝ አለው፤ ቆዳ ያለ ስብ አይኖርም። አባቱም አያቱም ጠፍርና ልጓም የሚያለሰልሱት በበግ ላት ነበር። ላት ቆዳን አያደርቅም፣ አይበላም፣ ብረትንም ከዝገት ይጠብቃል። የመንዝ በግ ላት ደግሞ ምን ጠፍቶ! አቀለጠውና አጣርቶ፣ ሁለቱንም እግሮች አጠጣቸው።

ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ሞቅ ሲል ሞከሯት። ብርሃነ መስቀል በከተማው ዳር ባለው ድንጋያማ ሜዳ ላይ ወዲያ ወዲህ ነዳት። ፊቷ ለስለስ ብሎ ይገባል፣ ለስለስ ብሎ ይመለሳል። ቋ የለ፣ መንጠር የለ።

"ቅቤ ሆናለች!" ብሎ ጮኸ።

"ላት ነው የሆነችው፣" አለ ወልደ ሰንበት በኩራት።

አመሻሹ ላይ ገብረአማኑኤል ከአዲስ አበባ ተመልሶ ወሬውን ሲሰማ የመኪናውን በር ከፍቶ እስኪያስለው ሳቀ። "ወልደ ሰንበት! ላት አበላሃት? የገና ጾም ሊገባ ነው፤ ምስኪኗን ጾም ልታስገድፋት ነው እንዴ?"

"ክርስትና አልተነሣችም፤ ትብላ።"

"ንስሐ አባቷ ይጠይቁሃል፤ ግዴለህም!"

ሳቁ። ያ ሳቅ አንድ ሌሊት ነው የቆየው።

ኅዳር በደብረ ብርሃን ምን እንደሆነ ያደረበት ያውቀዋል። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ሣሩ ሁሉ በውርጭ ነጥቶ፣ የውኃ ማጠራቀሚያው በበረዶ ቆርፍዶ ነበር። ብርሃነ መስቀል ሣጥኑን አዝሎ ተነሣ። ከከተማው ወጥቶ የመጀመሪያውን ቦረቦር ሲገባ የሞተሯ ፊት አልተሰበሰበም፤ እንደ ዱላ ድርቅ ብሎ ቀረ። መሪው ከእጁ ተነጠቀ። እሱ በጎኑ፣ ሣጥኑ በጀርባው፣ ሞተሯ በላዩ። የእጁ አንጓ ወለም አለ፤ ከመርፌ ጠርሙሶቹም ያልተሰበሩት ጥቂት ነበሩ።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን የተሰበረ መድኃኒት እያየ ዝም ማለት አይችልም። "አንድ ጊዜ ልታገሥህ፣" አለው። "ለሚቀጥለው ገበያ ይዘሃት ሂድ። ያኔ አንድ ጠርሙስ እንኳ ቢሰበር ሞተሯን እቆልፋታለሁ፤ የአሊዩ አምባ መድኃኒት በአጋሰስ በወር አንዴ ይወርዳል።"

ይህ ቃል ወልደ ሰንበት ጋ የደረሰው በብርሃነ መስቀል አፍ ነው፤ ሐኪሙ እጁን በጨርቅ አንጠልጥሎ፣ ምንም ሳይወቅሰው ነው የነገረው። አለመውቀሱ ይበልጥ ቆጠቆጠው። ሰውዬው ከሄደ በኋላ የሞተሯን እግር ፈታው። ሞላውን ሲስበው እንደ ጧፍ ነጭ የሆነ ድርቅ ያለ ላት ተጣብቆበት ወጣ።

አስካለማርያም ሞሰብ ይዛ ስትገባ እንደ ቆመ አገኘችው። "ምነው? ፊትህ ከሰል መሰለ።"

"ይኸውልሽ፣ እዪው።"

አየችው። "ታዲያ ይኼ ምኑ ይገርማል? ጠዋት ጠዋት ድስቴ ውስጥ ያደረ ላት ምን እንደሚመስል ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር።"

"ልጓም ላይ'ኮ አይደርቅም! አባቴ ዕድሜ ልኩን..."

"ልጓሙ በቅሎ አፍ ውስጥ ነዋ፤ ኮርቻውም ጀርባዋ ላይ። በቅሎ ትሞቃለች። ይኼን ምን ያሙቀው?"

ወልደ ሰንበት ቧንቧውን እንደ አዲስ አየው። እውነቷን ነው። የሙያው ሕግ ትክክል ነበር፤ ግን ሕጉ የተሠራው ሕይወት ያለው ገላ ላይ ለሚውል ቆዳ ነው። ይቺ ፍጥረት የምትሞቀው መሐሏ ላይ ብቻ ነው፤ እግሯ እስከ ዘላለም ብርድ ነው።

አስካለማርያም ሞሰቡን አስቀምጣ አጠገቡ ቆመች። ድምፅዋ ዝቅ አለ። "ያን ጊዜ መዲና መደብ ላይ ተኝቼ ምን እሰማ እንደነበር ታውቃለህ? ጆሮዬን ወደ ቁልቁለቱ ሰጥቼ የዚያችን ዶቅዶቄ ድምፅ። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ወር ጠብቂ ቢሉኝ አልጠብቅም ነበር፤ አልችልማ።" ከዚያ ወገቡን ነካ አደረገችው። "በል ብላና ሥራ።"

በላና ሠራ። በመጀመሪያ ያደረገው ነገር የሚያስደንቅ ነው፤ እኔን እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። ዘይቱን ከመምረጡ በፊት ዘይቶቹን ፈተናቸው። ከገብረአማኑኤል ወፍራሙን የሞተር ዘይት፣ ከገበያ የኑግ ዘይት፣ ከልብስ ሰፊው ቀጭኑን የስፌት መኪና ዘይት ለመነ። ባዶ የመድኃኒት ጠርሙሶች ሞላና ማታ ከደጅ አሳደራቸው። ጎሕ ሲቀድ፣ ውርጩ ሳይለቅ፣ በእያንዳንዱ ጠርሙስ ውስጥ ከአስካለማርያም የአንገት ጌጥ የተበጠሰች አንዲት ዶቃ እየጣለ "አቡነ ዘበሰማያት" ማድረስ ጀመረ። ሰዓት አልነበረውም፤ ጸሎቱን ግን እንደ ሚዛን እኩል አድርጎ መድገም ይችላል። በወፍራሙ ዘይት ውስጥ ጸሎቱ አልቆ ዶቃዋ ገና መንገድ ላይ ነበረች። በስፌት መኪናው ዘይት ውስጥ አፉን ሳይከፍት ወርዳ ተቀመጠች። ኑጉ ደህና መስሎት ነበር፤ ግን ጥቂት ቀን ሲቆይ በጠርሙሱ አፍ ላይ እንደ ሙጫ ያዘ፤ ተወው።

ገብረአማኑኤል መጥቶ በራፉ ላይ ቆመ። "ምን እያደረግህ ነው? ለዘይት ጸሎት ታደርሳለህ?"

"የአንተ ዘይት ሰነፍ ነው፤ አቡነ ዘበሰማያትን ሙሉ ይወስዳል።"

"ላምባ ቀላቅልበታ፤ ይቀጥናል።"

"ላምባ ቆዳውን ያደርቅብኛል።" ወልደ ሰንበት ወፍራሙንና ቀጭኑን ዘይት እያቀላቀለ ሞከረ። አንዱን ጠርሙስ ውርጭ ላይ፣ መንትያውን ደግሞ የአሊዩ አምባን ሐሩር እንዲመስል ለብ ያለ ውኃ ውስጥ እያስቀመጠ አነጻጸረ። ውርጩም ብዙ የማያዘገየው፣ ሙቀቱም ብዙ የማያፈጥነው ቅልቅል እስኪያገኝ ድረስ ዶቃዋ ስትጠልቅና ስትወጣ ከረመች። ሲያገኘው ዶቃዋን አጥቦ ለሚስቱ መለሰላት፤ እሷም ክር አስገብታ አንገቷ ላይ አሰረቻት።

ዘይቱ ተገኘ፣ እግሮቹ ሞሉ። ነገር ግን ወልደ ሰንበት ሌላም የሙያ ሕግ ያውቃል፤ ይህኛው ደግሞ በትክክል የሚሠራ ሆነ። ኮርቻ ሜዳ ላይ፣ ባዶ በቅሎ ላይ አይለካም። በቅሎዋ ተጭና፣ ቁልቁለት ላይ ቆማ ነው የሚለካው፤ ቁልቁለት ላይ ሸክሙ ሁሉ ወደ ፊት ይሄዳልና። እሱ ደግሞ ሞተሯን የለካት ከተማ ውስጥ፣ ሣጥን የሌለው ሰው አስቀምጦ ነበር።

ስለዚህ የገበያው ሳምንት ሲደርስ በቅሎ ተውሶ፣ መፍቻና ካቻቢቴ፣ የዘይት ጠርሙስና ጥቂት ሮንዴላ፣ ስስ የብረት ቀለበቶች፣ በኮረጆ ይዞ ከብርሃነ መስቀል ኋላ ተከተለ። ውርጩ ላይ ሞተሯ ትንሽ ቆንጠር ቆንጠር አለች እንጂ አልደረቀችም። ከጎረቤላ በታች፣ መንገዱ አፍጥጦ መውረድ ከሚጀምርበት ላይ፣ "ቁም" አለው።

"እዚህ?"

"እዚህ። ሣጥንህን አዝለህ፣ ፍሬን ይዘህ፣ እርካቡ ላይ ቁም።"

ብርሃነ መስቀል ቆመ። ወልደ ሰንበት ከውስጠኛው ቧንቧ ላይ ቀይ ክር አሰረና እስከ ሰገባው፣ እስከ ውጪኛው ቧንቧ፣ አፍ አወረደው። እግሩ ሲሰበሰብ ሰገባው ክሩን ይገፋዋል፤ ሲዘረጋ ክሩ የተገፋበት ይቀራል። እግሩ እስከ የት እንደ ገባ በዓይን የሚታይ ምስክር። ሰውዬው ገና ሳይነቃነቅ ክሩ ግማሽ መንገድ ሄዷል። ሸክሙ ብቻውን የሞላውን ግማሽ ከበላው ለድንጋዩ ምን ይተርፋል? ወልደ ሰንበት የቧንቧውን ክዳን ፈትቶ ከሞላው ራስ ላይ ሮንዴላ ደረበ፤ ሞላው ቀድሞ ትንሽ እንዲጨመቅና ሸክሙን ቀና ብሎ እንዲቀበል። እንደገና አስቆመው፤ ክሩን አየ፤ አንድ ቀነሰ። በሦስተኛው "ሂድ" አለው።

ብዙውን መንገድ በደህና ወረዱ። ብርሃነ መስቀል ቆሞ፣ ጉልበቱን አላልቶ፣ የኋላ ጎማዋን ዝላይ በእግሩ እየተቀበለ፣ የፊቷን ለእግሮቿ ትቶ ይወርዳል። ወልደ ሰንበት በቅሎዋ ላይ ሆኖ ከንፈሩን ነክሶ ያያል። ወደ ቆላው ሲቃረቡ ግን አየሩ ሞቀ፤ ዘይቱም ቀጠነ። ከአንድ ደረጃ ከሚመስል ድንጋይ ላይ ስትወርድ ያቺ የተረገመች ድምፅ ተሰማች። ቋ!

ብርሃነ መስቀል ቆመ። ፊቱ ነጥቷል። "ሣጥኑ አልተነካም፤ ግን ከታች ያለው ይብሳል። ጋሼ፣ መድኃኒቱን በበቅሎዋ ጭነን ሞተሯን እንግፋት?"

ማለት ያልፈለገው ለወልደ ሰንበት ገባው። ተገፍታ ከገባች ነገር አለቀ፤ የገበያው ሰው ሁሉ ያያል፣ ኃላፊውም ይሰማል። ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሮንዴላ ቢጨምር ፊቷ ይደርቃል። ዘይቱን ቢያወፍር ሲመለሱ ውርጭ ላይ ላቱን ይደግማል። ያኔ ትዝ ያለው የቀጥቃጩ ወናፍ ነው። ወናፍ አፉን ይዘህ ብትጫነው መጀመሪያ እሺ ይላል፤ አየሩ ሲጨናነቅ ግን ክንድህን መልሶ ይገፋል። በእግሩ ውስጥም ከዘይቱ በላይ አየር አለ! ዘይቱ ትንሽ ከፍ ቢል የአየሩ ቤት ይጠባል፤ ለትናንሽ ድንጋይ ምንም አይል፣ ለትልቁ ግን መጨረሻው ላይ እንደ ትራስ ይቀበላል።

"ክዳኑን ፍታልኝ!" አለ ብድግ ብሎ። "አየር ነው! የሚጎድለን አየር ማሳነስ ነው!"

"አየር ማሳነስ?"

"ዝም ብለህ ፍታ፤ እየወረድክ እነግርሃለሁ።"

ከጠርሙሱ ለእያንዳንዱ እግር ትንሽ ትንሽ ጨመረ፤ ቡና ስኒ የማይሞላ። ክሩን መለሰ። ከታች የነበረው ድንጋይ በገበያተኛው ዘንድ የታወቀ ነው፤ በቅሎ እንኳ ቆም ብላ የምታስብበት። ብርሃነ መስቀል አማተበ፤ ሞተሯ አፍንጫዋን አዘቅዝቃ ወረደች። እግሮቿ ገቡ፣ ገቡ፣ እና ያለ ምንም ድምፅ ቆሙ። ከዚያ ቀስ ብለው ተዘረጉ። ወልደ ሰንበት ከበቅሎዋ ወርዶ ሮጦ ክሩን አየ። ከመጨረሻው ጣት ያህል ቀርቶት ነበር።

"ጣት!" እያለ ይጮኻል፤ "ጣት ቀርቶታል!" ወደ ገበያ የሚወርዱ ሰዎች ጣቱ የተቆረጠ ሰው ያለ መስሏቸው ከበቡት።

መዲና ቤት ደጃፍ ላይ ሣጥኑን ያወረደችው ራሷ መዲና ናት። "ጎረቤላ ላይ ዶቅዶቄዋ ላት በልታ ሆዷን ታመመች ሲሉ ሰማን፤ እውነት ነው?"

"ተሽሏታል፣ ወይዘሮ መዲና፣" አለ ወልደ ሰንበት።

የሣጥኑ ክዳን ተከፈተ። የተጎዘጎዘው ጭድ ተነሣ። ጠርሙሶቹ አንድ በአንድ ወጡ፤ የተሰበረ የለም፣ የተሰነጠቀም የለም። መደቡ ላይ፣ አስካለማርያም ተኝታበት በነበረው መደብ ላይ፣ አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች፤ ልጁ ይንቀጠቀጣል። ብርሃነ መስቀል በወለምታ እጁ እያቃሰተ መርፌውን አዘጋጀ።

"አልሐምዱሊላህ፣" አለች መዲና።

ወልደ ሰንበት በራፉ ላይ ቆሞ ያንን መደብ ያይ ነበር። ሲመለስ መዲና ለአስካለማርያም ብላ አንድ እቅፍ የሸንኮራ አገዳ በቅሎዋ ላይ ጫነችለት።

ሞተሯ አልተቆለፈችም። ከዚያ ወዲህ ወልደ ሰንበት ሁሌም የሚያደርገው ነገር ሆነ። ከቆላ በተመለሰች ቁጥር ቧንቧዎቹን ያብሳል፤ አሸዋው ነው የዘይት ማገጃውን የሚበላው። በላያቸው እንደ ጉልበት ሹራብ የሚሰበሰብ የቆዳ እጅጌ ሰፋላቸው፤ ከታች አንዲት የመተንፈሻ ቀዳዳ ትቶ፤ ያለዚያ እንደ ፊኛ ይነፋሉና። ውርጭ ሊገባ ሲል አሮጌውን ዘይት ያፈሳል፤ ጭቃና የብረት ብናኝ ካለው በጣቱ እያሻሸ ይመረምራል፤ ሁለቱንም እግሮች እኩል አድርጎ አዲስ ይሞላል። ቀዩን ክር ሲያልቅ ይቀይራል። ስለዚህ ሥራ አንድም ቀን ምስጋና ጠይቆ አያውቅም፤ የሚመሰገነው እሱ ሳይሆን የሚያመሰግነው እሱ ነውና።

አሁን 1961 ዓ.ም. ነው። የወልደ ሰንበት ጢም ሸብቷል፤ የሞተሯ ቀለም ተልጦ ተልጦ እንደገና ተቀብቷል። በዚህ ክረምት መግቢያ ላይ ብርሃነ መስቀል ከሞተሯ ሲወርድ ጉልበቱን ይዞ ትንሽ ሲቆም አየው። አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ጊዜ።

"ምን ሆነህ ነው?"

"ምንም። ብርዱ ነው።"

ብርዱ አልነበረም። ወልደ ሰንበት ወዲያው ገባው። የፊቱን ሲያስተካክል እነዚህን ዓመታት ሁሉ የኋላው ድርቅ እንዳለ ነው። የኋላው ሞላ የሰውዬው ጉልበት ነበር፤ የአንኮበር ድንጋይ ሁሉ የተቀበለው በእሱ ነው።

ገብረአማኑኤል ከአዲስ አበባ ከተሰባበረች ሞተር የወጡ ሁለት የኋላ አሞርዛተሮች፣ ሞላና ዘይት ያላቸው የኋላ እግሮች፣ አመጣለት። "እንካ፤ ላት እንዳታበላቸው ብቻ፣" ብሎ። ነገር ግን እነሱን መግጠም እንደ ፊቱ ቀላል አይደለም። የኋላ ጎማዋ ከፍ ዝቅ እንዲል በማጠፊያ ላይ መታሰር አለበት፤ ጎማው ከፍ ዝቅ ሲል ደግሞ ሰንሰለቱ አንዴ ይላላል፣ አንዴ ይወጠራል። ማጠፊያው ያለ ቦታው ከሆነ ሰንሰለቱ ወይ ይወልቃል ወይ ይበጠሳል። ሞተሯ ደግሞ አንዲት ናት፤ አጥንቷን ቆርጦ መሳሳት አይቻልም።

ስለዚህ ወልደ ሰንበት ሥራ ቤቱ ውስጥ የጽድ እንጨት አጥንት አቁሟል፤ የሞተሯን ልክ። አሮጌ ጎማ ገጥሞበታል፤ እውነተኛ ሰንሰለት ዘርግቶበታል፤ የብርሃነ መስቀልን ክብደት እንዲተካ አሸዋ የሞላ ጆንያ ከነሣጥኑ ላዩ ላይ ጭኖበታል። በእንጨቱ ላይ ወደ ፊትም ወደ ኋላም በወስፌ ብዙ ቀዳዳ በስቷል፤ ማጠፊያውን ከአንዱ ወደ ሌላው እያዛወረ ይሞክራል።

ዛሬ ጠዋት ብርሃነ መስቀል መጥቶ በራፉን ተደግፎ ያይ ነበር። "ጋሼ፣ ይተዉት። ጉልበቴ ገና ጉልበት ነው።"

"ጉልበትህ የአንተ ብቻ መስሎሃል?" አለ ወልደ ሰንበት ዞር ሳይል። "አሊዩ አምባ ላይ ስንት ሰው ነው ጆሮውን ቁልቁለቱ ላይ ጥሎ የሚጠብቀው? ና፣ ይልቅ ያንን ጎማ አንሣልኝ።"

ብርሃነ መስቀል ጎማውን አነሣ። ሰንሰለቱ ተወጠረ፤ ከበፊቱ ግን ያነሰ። ወልደ ሰንበት ማጠፊያውን ነቀለ፤ ሰንሰለቱን ወደሚጎትተው ፊተኛ ጥርስ ይበልጥ ቀረብ ወዳለችው ቀዳዳ አስገባውና ጣቱን ሰንሰለቱ ላይ አሳረፈ።

"ቀስ ብለህ፣" አለ። "እንደገና።"